የሚያውቃት ይነሳልኝ

ፃግብጂ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰማኸኝ፣ ባለህበት በጁባ

እንደምን ሰነበትህ? በሰው አገር ያለ ወገን ያደረገህ አምላክ እሱ ራሱ ወገን ይሁንህ። እኛ በሕይወት አለን፣ ስሙ ይመስገን።

እዚያ ያሉት ቄስ አባ አሥራተ ማርያም ከሽማግሌዎች ጋር ቤትህ ድረስ መጥተው መርዶውን እንደነገሩህ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ስደውልልህ በወጉ ሳንነጋገር ካርዱ አለቀ። በወረቀት ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍሁልህ። ሰቆጣ ስወጣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ። እዚህ እንደምታውቀው ኔትወርክ የለም። የአምደወርቅ ትምህርት ቤታችን ስለተዘጋ ክረምቱን ከእናትህ ጋር ነኝ።

አባ ሁሉን ነግረውህ ይሆናል፣ ከእኔም ስማው። እህትህ ሰርክአዲስ የመውጫ ፈተናዋን ጨርሳ ሳምንት ሳይሞላት ነው ያረፈችው። ወባ ነው። ወደ ጭንቅላቷ ወጣባት አሉ፣ ሐኪም ቤት ገብታም አልቆየች። አስከሬኗን ዩኒቨርሲቲው በመኪና እስከ ሰቆጣ አደረሰልን፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው እስከሚገባበት ገባ፣ የቀረውን በትከሻ ተሸከምናት። ከአባታችሁ አጠገብ ነው ያስቀመጥናት።

እናትህ አታለቅስም። ሰው ሲመጣ ትቀመጣለች፣ ሰው ሲሄድ ተነስታ ከብቶቹን ታስገባለች። ጎረቤት በዚህ ይጨነቃል፣ እንባው ወደ ውስጥ እንዳይገባባት ይላሉ። እኔም ከእሷ አልሻልም። የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ውጤት አስገብቻለሁ፣ የአንዱንም ልጅ ወረቀት ግን አላስታውስም።

የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ሰቆጣ ወጥቼ ሳለ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነኝ ያለ ሰው ደወለ። መጀመሪያ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለኝ።  ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠይቆኝ ነገሩን አስረዳኝ። የመውጫ ፈተናው ውጤት መጥቷል። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች ሁሉ፣ ከወንዱም ከሴቱም፣ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣችው የሒሳብ ተማሪዋ ሰርክአዲስ ናት። ሜዳሊያውና ዋንጫው የእሷ እንዲሆን ተወስኗል። ምርቃቱ ነሐሴ 3 ቀን ነው፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው መጥቶ ይቀበልላት ብለዋል።

ለእናትህ ገና አልነገርኋትም። አንተ የቤቱ ታላቅ ነህና ምን ትላለህ? ለምን ለቀብር አልደረስህም አልልህም፣ የራስህ ምክንያት ይኖርሃል።

አጎትህ ደግሰው

———

ጁባ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ደግሰው

ጤናዎ እንዴት ነው? የእናቴስ? እግዚአብሔር ከክረምቱም ከሐዘኑም በሰላም ያውጣችሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ።

ለቀብር ያልመጣሁት ፈቃድ ስለከለከሉኝ ነው። የውሃ ቦቴውን የሚይዝልኝ ሌላ ሾፌር የለም አሉ።

ስለ ሽልማቱ ጠይቀውኛል። እኔ ባትሄዱ እላለሁ። እናቴን ጥቁር እንደለበሰች መድረክ አውጥተው ሊያስጨበጭቡላት ነው። ካሜራ ይደቀንባታል። በማግስቱ ሰዉ ስልኩ ላይ «ልብ የሚነካ» ብሎ ይቀባበላታል። ሜዳሊያውን ከፈለጉ በፖስታ ይላኩት። ካልፈለጉም ይቅር። ሰርክአዲስ አታየው፣ እናቴ አታነበው። ለማን ነው?

ቃሌ ከከረረ ይቅር ይበሉኝ። ምንም ስለማይሰማኝ ነው እንዲህ የምናገረው። ሰው ሲነግረኝ የሌላ ሰው እህት የሞተች ይመስለኛል።

መቃብሯን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

የእርስዎው ሰማኸኝ

———

ፃግብጂ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰማኸኝ

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ከክፉ ዓይን ከክፉ መንገድ ይሰውርህ።

የመቃብሩን ፎቶ አልላክሁም። ዝናቡ አላቋረጠም፣ አፈሩ ገና ለስላሳ ነው፣ ድንጋይም አልተከመረበትም። እንደዚያ ሆኖ እንድታየው አልወደድሁም። ሲጠና አነሳልሃለሁ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብሁት። ያልኸው እውነት አለበት። እኔ ግን መምህር ነኝ፣ ልጅ በስሟ ስትጠራ መስማት እፈልጋለሁ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሆኜ ለእናትህ ሳልነግራት መክረም ደግሞ ከበደኝ። ገብስ ስታጥብ ተቀምጬ ነገርኋት። አንደኛ ወጥታለች አልኋት። «ከስንቱ?» አለችኝ። ከሁሉ አልኋት። ገብሱን ማጠቧን አላቆመችም። አንተ አይሂዱ ማለትህንም አልደበቅኋት። አንተን ነቅፋ አልተናገረችም።

በነጋታው እኔ የተወችው መስሎኝ ሳለ በአፋችን በኽምጥኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ስትተኛበት የነበረውን አልጋ ያሳዩኛል?»

ሬጅስትራሩን ሰቆጣ ሄጄ ደውዬ ጠየቅሁት። እናሳያለን አለ። እንግዲህ እንሄዳለን። ሽልማቱን ብላ አይደለም የምትሄደው፣ ይህን እወቅላት። አርባዋን ሐምሌ 23 አውጥተን በማግስቱ በወልድያ በኩል እንነሳለን።

እናትህ ደግሞ ያንተን ፎቶ ትፈልጋለች። የአሁኑን ላክላት።

አጎትህ ደግሰው

———

ጁባ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ለእናንተ ያለኝ ሰላምታ ብዙ ነው። አልጋውን ለማየት ከሆነ ሂዱ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። አዲስ አበባ እንድታርፍ ያድርጓት፣ መኪና ያዞራታል።

እኔም እዚያ ልገኝ አስቤ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቷል አሉ። ፎቶዬን ልኬያለሁ።

ሰማኸኝ

———

ፃግብጂ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰማኸኝ

እንደምን አለህልኝ? ጾሙን ያስጀመረን አምላክ አንተንም ባለህበት ያስፈታህ። ሄደን ተመልሰናል። እንዳልነበርህበት እንዳይሆንብህ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

ዩኒቨርሲቲው ያለበት አገር ቆላ ነው። ከአውቶቡስ ስንወርድ ወበቁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። በር ላይ የተቀበለችን ማስተዋል የምትባል ልጅ ናት፣ የጎጃም ልጅ፣ አራቱን ዓመት ከሰርክአዲስ ጋር አንድ ክፍል ያደረች። በውጤትም ከእሷ ቀጥላ ሁለተኛ የወጣች እሷው ናት። ይህን ራሷ አልነገረችንም፣ ኋላ ሲጠሩ ነው የሰማሁት።

ዶርሙ ተደራራቢ አልጋ ነው፣ የእህትህ ላይኛው ነው። አንሶላው ተነስቶ ስፖንጁ ብቻ ቀርቷል። እናትህ መጀመሪያ እጇን ዘርግታ ነካችው። ከዚያ ልወጣ አለች። ማስተዋል ከታች ደግፋ አወጣቻት። እኛ ኮሪደር ላይ ቆምን። ቆየች።  ማስተዋል ገብቼ ልያት ስትለኝ ተያት አልኋት።

ስትወርድ ያለችው ይህን ብቻ ነው። «ለዚህ ሙቀት ነው ባና አሸክሜ የላክኋት?» ያን ከሱፍ ያሠራችላትን ወፍራም ባና ታስታውሰዋለህ። አንድ ቀን ከበደኝ አላለችም ልጅቱ፣ አራት ዓመት ይዛው ወጥታ ይዛው ወረደች። ማስተዋል በአማርኛ የምትለውን ተርጉሜ ነገርኋት፤ ባናውን አጥፋ ትራስ ታደርገው ነበር፣ ለማንም አታውሰውም ነበር። እናትህ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ምርቃቱ ሆነ። ሜዳው በገዋን ጠቁሯል፣ ወላጆች አበባ ይዘዋል። እኛን ፊት አስቀመጡን። እንዳልኸው ካሜራው ነበረ። የእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ተራ አልፎ የሽልማቱ ሰዓት ሲደርስ ስሟን ጠሩ፣ ከነአባቷ። በሕይወት እንደሌለች ተናገሩ። ጭብጨባው እንደመጀመር ብሎ ቆመ፣ ማጨብጨብ ይሁን አይሁን ሰዉ አላወቀም። እናትህን ይዤ ወጣሁ።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ሊያጠልቅላት ጎንበስ አለ። በእጇ አገደችው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ጌጥ አታደርግም አልሁት ቀስ ብዬ፣ ገባው። በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ዋንጫውን እኔ ያዝሁ። በዚሁ የምንወርድ መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ማይክራፎኑን አየችና በኽምጥኛ ተናገረች። ሜዳው ላይ ከእኔ በቀር ቋንቋዋን የሰማ የለም። የመድረኩ አስተዋዋቂ ሰዓት እያየ ወደኔ ዞረ። እንዲህ ብዬ ተረጎምሁ፦

«ሰርክአዲስን በዓይኑ የሚያውቃት እዚህ ካለ ይነሳልኝ ትላለች።»

ወዲያው የተነሳ የለም። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ማስተዋል ተነሳች። የሒሳብ ተማሪዎች ተነሱ። ከእነሱ ኋላ የሌላ ክፍል ልጆች፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ፣ ከዚያም በዝተው። ከመምህራኑ ወንበር ተነሱ። በአጥሩ ጥግ የቆመች የምግብ ቤት ሠራተኛ ቆማ ሳለ እጇን አነሳች፣ መቆሟ እንዲቆጠርላት። የበሩ ጥበቃም እንደዚሁ። እናትህ ከግራ ጀምራ እስከ ቀኝ ሁሉንም አየቻቸው፣ አልቸኮለችም። ጨርሳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች በአማርኛ። ወረድን።

ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹ የመጡት። ከወላጆቻቸው ጋር ፎቶ መነሳቱን ትተው በተራ ይመጣሉ፣ እጇን ይስማሉ፣ የሚያውቁትን ይነግሯታል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ስትስቅ የጎረቤት ክፍል ግድግዳ ይደበድብ ነበር አለች አንዷ። ዳማ ስትጫወት ወንዶቹን አልቅሰው እስኪነሱ ታሸንፋለች አለ ሌላው። ማስተዋል ደግሞ ሒሳብ ስትሠራ በአፏ የምትቆጥረው በኽምጥኛ ነው አለች፣ እሷም ከመስማት ብዛት እስከ አሥር መቁጠር ተምራለች። ቆጠረችላት። ቃሉን እየሰበረች እስከ አሥር አደረሰችው።

እናትህ ያን ጊዜ ወደኔ ዞረች። «እኛ ቤት እኮ በአማርኛ ነበር የምትቆጥረው» አለችኝ። ሌላም ጨመረች፤ እኛ ቤት እኮ አትስቅም ነበር።

እናትህ ዋንጫውን ሰርክአዲስ ለተማረችበት ትምህርት ቤት ሰጥታዋለች። ሜዳሊያው ከእሷ ጋር ነው፣ የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኋትም። አሁንም አታለቅስም።

ፎቶህን አይታዋለች። ፊትህ ብቻ ነው ያለው። «ምነው ቆሞ አልተነሳም?» አለች።

አጎትህ ደግሰው

———

ጁባ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ዘመኑ የማንቀብርበት ይሁን።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልመለስሁ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እናቴ መድረክ ላይ ስትቆም ልክ እንደፈራሁት አልሆነም፣ እኔን ባለመስማታችሁ ደስ ብሎኛል።

ከጁባ በስተ ምሥራቅ ጎርፍ አለ ይላሉ። እኛ ጋ ደህና ነው። እናቴ የምትፈልገው ካለ ይጻፉልኝ፣ በሰው እልካለሁ።

ሰማኸኝ

———

ፃግብጂ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰማኸኝ

እኔ እናትህ ማሬ ነኝ። የሚጽፈው ደግሰው ነው፣ እኔ በኽምጥኛ እናገራለሁ እሱ በአማርኛ ያደርገዋል። አንዳች አትጨምር አንዳች አታጉድል ብየዋለሁ።

እንዴት ነህ? የማደርጋትን ጸሎት ሁሉ ላንተ አድርጌያታለሁ፣ ሌላ የማደርግለት የለኝምና።

የምትፈልጊው ካለ ብለሃል። የምፈልገው ዕቃ የለም። ብርም አልፈልግም።

ፈቃድ የለም አልህ። መንገድ ተዘጋ አልህ። ሥራ በዛ አልህ። ሦስቱንም ደግሰው አንብቦልኛል። አልቆጣህም። ቃልህን ስሰማው ግን ያንተ አይመስለኝም፣ የደብዳቤ ይመስለኛል።

ስማኝ ልጄ። እህትህን ሄጄ አወቅኋት። ስትስቅ ግድግዳ ይመታል አሉኝ። ወንድ ልጅ በዳማ ታስለቅሳለች አሉኝ። በአፋችን ትቆጥር ነበር አሉኝ። እኔ የወለድኋት እኔ አላውቅም፣ የጎጃሟ ልጅ ታውቃለች፣ በር የሚጠብቀው ሰው ያውቃል። ነገሩኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተሰብስበው ቆመውልኝ አየኋቸው። እንዲያ ሆኖ አንድ ልጅ ማወቅ ግን አይበቃኝም ወይ? ሁለተኛውንም እንደዚያ ላውቅ ነው?

ሰርክአዲስን ከሰው አፍ ሰማኋት። አንተን ካንተው አፍ ልስማህ።

እንዴት እንደምትኖር ንገረኝ። ማን ምግብ እንደሚያበስልልህ ንገረኝ። ስትስቅ እንዴት እንደምትስቅ ንገረኝ፣ ከሄድህ ሰባት ዓመት ነው፣ ረስቼዋለሁ። ፎቶ ስትነሳ ለምን ቁመትህን እንደምትደብቅ ንገረኝ። የምትነግረኝ ክፉ ከሆነም ንገረኝ። ከዚህ በላይ ምን ያስደነግጠኛል?

እናትህ ማሬ

———

ጁባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለማሬ

እንደምን አለሽ እናቴ? በጸሎትሽ ይኸው አለሁ። አጎቴ ደግሰው ይህን ሲያነቡልሽ አጠገብሽ ተቀምጠው ያንብቡልሽ፣ ቆመው አይደለም።

የጻፍሁላችሁ ምክንያት ሁሉ እውነት አልነበረም። ግንቦት ላይ የውሃ ቦቴው ተገለበጠ። ዝናብ ነበረ፣ መንገዱ ከጎማዬ ሥር ተናደ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ቀኝ እግሬ ከመኪናው ሥር ገባ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞክረው አልሆነም፣ ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ሰርክአዲስ ስትቀበር እኔ ሐኪም ቤት ነበርሁ። አባ አሥራተ ማርያም መርዶውን የነገሩኝ አልጋዬ ላይ ነው፣ ቤቴ እንደነገሩኝ አድርጋችሁ እንድትሰሙ የለመንኋቸው እኔ ነኝ።

አንድ ሰው ያውቅ ነበር። ሰርክአዲስ ታውቅ ነበር። ደውላ ስትጨቀጭቀኝ አመለጠኝና ነገርኋት። «ለእናታችን እኔ ነኝ የምነግራት፣ ተመርቄ ስገባ ፊቷ ተቀምጬ ነው የምነግራት፣ አንተ አፍህን ያዝ» አለችኝ። በዚያ ጊዜ ፈተናዋ ደርሶ ነበር። ይህን ይዛ ነው የገባችው፣ ይህን ይዛ ነው አንደኛ የወጣችው። እሷ ስትሞት የሚነግርሽ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ በአንድ ክረምት ሁለት መርዶ እንዴት ላውርድብሽ?

የምኖረው ከሁለት ኤርትራውያን ጋር ነው። ምግብ የሚያበስልልን አንደኛው ነው፣ ጨው ያበዛል። ቦቴ መንዳቱ ቀርቶ አሁን መኪና ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብ ሥራ ሰጥተውኛል። ማታ እግሬ ይሳከከኛል፣ የሌለው እግሬ። ሐኪሙ ይለቅሃል ብሎኛል።

እንዴት እንደምስቅ ጠይቀሽኛል። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅሁት ሐኪም ቤት ነው። በተቆረጥሁ በሳምንቱ ሰርክአዲስ ደወለች። «እንግዲህ ጫማ ስትገዛ አንዱን ለእኔ ትልክልኛለህ» አለችኝ። አንድ እግር ጫማ ምን ያደርግልሻል ብላት፣ «የዚህ አገር ጭቃ አንዱን ሲውጥብኝ መለዋወጫ ይሆነኛል» አለች። እኔ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ግድግዳ ያስመታል ያሉሽን ሳቅ እኔም ሰምቼዋለሁ እናቴ። በስልክ ውስጥ አልፎ ከጎኔ የተኛውን በሽተኛ ቀሰቀሰው። የእኔም ሳቅ እንደ እሷው ነው፣ ጮክ ይላል። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ደብዳቤሽን ባነበብሁ ቀን አለቀስሁ። የመጀመሪያዬ ነው። አንቺም የሆነልሽ እንደሆን አላውቅም፣ ካልሆነልሽም አትጨነቂ።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እመጣለሁ፣ ከዚያ በመኪና እስከ ሰቆጣ። ቀኑን ሳውቅ ለአጎቴ እልካለሁ፣ ሰቆጣ መናኸሪያ ይዘውሽ ይምጡ። ከመኪናው የምወርደው በሁለት ምርኩዝ ነው፣ ቀስ እላለሁ። ማንም ሊያወርደኝ አይምጣ፣ መውረዱን ተምሬዋለሁ። አንቺ ባለሽበት ቁሚልኝ፣ እኔ እደርሳለሁ።

ልጅሽ ሰማኸኝ